አባቶች አፋቸውን የሚሸፍኑበት ሜዳ

ከበሽሎ ወንዝ በላይ ባለው ደጋ፣ ላይ አምባና ታች አምባ በሚባሉት ሁለት መንደሮች መካከል አንድ ለጥ ያለ ሜዳ አለ፤ ስሙም ሚና የለሽ ነው። ሚና ማለት በገና ጨዋታ ወገን ማለት እንደሆነ፣ «ሚናህን ለይ» ሲባልም «የየትኛው ወገን እንደሆንህ ተናገር» ማለት እንደሆነ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ያሳደደ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ለገና መጫወቻ ሜዳ «ወገን የሌለሽ» የሚል ስም ማውጣት፣ ለገበያ ቦታ «ሻጭ የለሽ» ብሎ እንደ መሰየም ነውና፣ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ እንግዳ ይስቃል።

እንግዳው ታኅሣሥ ውስጥ የመጣ እንደሆነ ግን ሳቁ ወደ መገረም ይለወጣል። በየዓመቱ ከታኅሣሥ መባቻ አንሥቶ እስከ ልደት ዕለት ድረስ፣ ባሉት እሑዶች ሁሉ፣ የሁለቱ አምባዎች አራት አጥቢያ ልጆች እዚህ ሜዳ ላይ ገና ይመታሉ። አባቶቻቸው ዳር ዳሩን በተርታ ይቀመጣሉ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው በላዩ ይቀመጡበታል፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነው ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ትንፍሽ አይሉም። ድምፁ የተሰማ አባት ልጁ ከጨዋታ ይወጣበታል። ልጆቹም በየአጥቢያቸው አይሰለፉም፤ ሁሉም ዱላውን መሃል ሜዳ ላይ ይከምርና፣ ዓይኗን በነጠላ የታሰረች አንዲት እናት ከክምሩ እያነሣች አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ትወረውራለች። ዱላው የወደቀበት ወገን ለዚያ ቀን የባለቤቱ ወገን ይሆናል።

ይህ ሥርዓት ከየት እንደ መጣ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚናገሩት አንድ ታሪክ አለ። አድማጭ ግን አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ታሪኩን የሚናገር ሁሉ የራሱን ቅድመ አያት ከበደሉ ነጻ አውጥቶ ነው የሚጀምረው። «የኛ አያት አያውቅም ነበር» ይላል ሁሉም። ሁሉም ካላወቀ በታሪኩ ውስጥ የሚመጣውን ውል የተዋዋለው ማን እንደ ነበር እንግዲህ እግዜር ይወቅ።

እንደሚነገረው ሜዳው በዚያ ዘመን ጨፌ ነበር፤ ዳርቻው ረግረግ፣ መካከሉ ደልዳላ፣ በጋ ሲከር እንኳ ሣሩ የማይደርቅ። ላይ አምባዎች «ውሃው የሚወርደው ከኛ ነው» ይላሉ፤ ታች አምባዎች «የሚቆመው ከኛ ዘንድ ነው» ይላሉ። በዚህች በአንዲት ነገር አያት ተሟግቶ ለአባት፣ አባት ተሟግቶ ለልጅ አውርሷል።

ላቀው የሚባለው ሰው የላይ አምባ ተወላጅ ነበር። ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ የሚያድር፣ እግዜር ልጅ ያልሰጠው፣ እጁ ግን የተባረከ የሚባል ሰው ነው። የእሱ ቀንበር የበሬ ጫንቃ አይልጥም ይባል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በገና ዱላው ነው፤ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመውን የወይራ ቅርንጫፍ መርጦ፣ በእሳት አሽቶ፣ ልጦና አለስልሶ ሲያወጣው፣ ሩሯን ገና ሲነካት የምትሄድበትን የነገራት ይመስል ነበር ይላሉ።

ያን ጊዜ ገና የሚመቱት አዋቂዎች ነበሩ፤ ላይ አምባ በአንድ ወገን፣ ታች አምባ በሌላ ወገን ሆነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም የሚያገኝበት፣ ጌታውም በግድ እየሳቀ የሚያነክስበት ቀን መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የጨፌዋ ሙግት እየመረረ ሲሄድ ሳቁ እየቀነሰ፣ ዱላው እየከበደ መጣ። በአንድ ልደት ዕለት የታች አምባው ቢሻው ሩሯን ለመምታት ሲያጎነብስ፣ ከላይ አምባ ወገን የተሰነዘረ ዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ቢሻው ቤቱ ሳይደርስ ሞተ። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የመታው ሰው ማን እንደ ነበር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዱላው ግን ታወቀ፤ የላቀው ሥራ ነበር።

ቢሻው ሲሞት ሚስቱ ትደነቅያለሽ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወንድ ወለደችና ምትኩ አለችው። ቀሳውስቱ ገናን አወገዙ። ላቀውም «ከእንግዲህ ሞፈር እንጂ ገና አልጠርብም» ብሎ ማለ። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለቱ አምባዎችም ሰላምታ እንኳ የሚለዋወጡት በገበያ ቀን ብቻ ሆነ።

በሁለቱ መካከል ሳይበጠስ የቀረ አንድ ክር ቢኖር የላቀውና የጓንጉል ወዳጅነት ነበር ይባላል። ጓንጉል የታች አምባ ሰው ነው፤ ለላቀው ሚዜው ነበር። ሚዜነት በዚያ አገር የአንድ ቀን ማዕረግ አይደለም፤ ወንድም ከማህፀን ይመጣል፣ ሚዜን ግን ሰው መርጦ ያመጣዋል፤ ስለዚህ በወንድሙ የተከዳ ዕድሉን ያማርራል፣ በሚዜው የተከዳ ግን ራሱን ይሰድባል። ጓንጉል ጨዋታ አዋቂ፣ ከሳቁ ጋር የሚመጣና ከሳቁ ጋር የሚሄድ ሰው ነበር።

አንድ የኅዳር ጠዋት ጓንጉል በከረጢት ሽምብራ ቆሎ ይዞ ላቀው ከሚጠርብበት ግቢ መጣና ከግንዱ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ካወጉ በኋላ እንዲህ አለው፦

«ላቀው፣ ልጆቻችን ገናን የሚያውቁት እንደ ተረት ነው። ያበላሸነው እኛ ነን፤ እነሱ ምን አጠፉ? አዋቂ የሚባል አይግባበት። ጢም ያላወጣ ብቻ፣ ከሁለቱም አምባ፣ በዓመት በዓመት ይግጠሙ። ማን ያውቃል፣ እነሱ ያስታርቁን ይሆናል።»

ላቀው መጥረቢያውን አስቀምጦ «ጠራቢው ማን ሊሆን ነው?» አለ።

«አንተ ነህ እንጂ። ለሁለቱም ወገን አንተ ከጠረብህ፣ ከአንድ እጅ የወጣ ዱላ እርስ በርሱ ደም አይፋሰስም።»

ላቀው ይህን ሲሰማ ዕንባ መጣበት ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያች ዱላ ከዓይኑ አልጠፋችም ነበር፤ በእጁ የሠራው ነገር ሰው ገድሎበት፣ እሱም ልጅ ሳይኖረው፣ ስሙ በዚያ ብቻ እንዳይጠራ ይፈራ ነበር። አሁን ሚዜው መጥቶ፣ በሽምብራው ከረጢት ይቅርታ ይዞለት የመጣ መሰለው። ያን ጠዋት እግዚአብሔር የማረው ቀን አድርጎ ቆጠረው።

ሆኖም ሦስት ነገር እንዲጸና ጠየቀ። ዱላው አጭርና ቀላል ሆኖ ጫፉ በቆዳ ይጠቀለል። ሞፈር በሁለት ባላ ላይ ይጋደምና ሳያጎነብስ ከሥሩ ማለፍ የሚችል ልጅ ብቻ ይጫወት፤ ራሱ የሚነካ ከሆነ አድጓልና ከአባቶቹ ጋር ይቀመጥ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የቢሻው ልጅ ምትኩ በእናቱ ፈቃድ ካልገባበት ላቀው አንዲትም ዱላ አይጠርብም።

ስለዚህ ላቀው ራሱ ወደ ታች አምባ ወርዶ ከትደነቅያለሽ ደጅ ቆመ። ሴትዮዋ ግባም ሳትለው፣ እሱም እገባለሁ ሳይል፣ የመጣበትን ነገራት።

«አያ ላቀው» አለችው፣ «ዱላህ ባሌን ወሰደብኝ። አሁን ደግሞ ለልጄ ልትጠርብለት መጣህ?»

«አዎን፣ እመት ትደነቅያለሽ። ለእሱ ካልጠረብሁ ለማንም አልጠርብም።»

«ከበስተኋላው ምን አለበት? የሁለቱን አምባ ወንዶች አውቃቸዋለሁ፤ በከንቱ አይጫወቱም።»

«ከሩሯ ሌላ ነገር የለበትም።»

«ማልልኝ።»

ላቀው ቀኝ እጁን ዘርግቶ «ከሩሯ ሌላ ነገር ካለበት ይህች እጄ ትድረቅ» አለ። ጠራቢ በእጁ ሲምል ገበሬ በበሬው እንደ መማሉ ነውና፣ ትደነቅያለሽ እጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ ልጇን ጠራችው።

የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ የደስታ ነበር ይላሉ። ቀሳውስቱ ግዝቱን ለልጆች ብለው ፈቱ፤ ከየአምባው አሥራ አምስት አሥራ አምስት ልጅ ጨፌዋ መካከል ገጠመ። ከታች አምባ ምትኩና የጓንጉል ልጅ ውቤ፣ ከላይ አምባ የላቀው የወንድሙ ልጅ ባዩ በቅልጥፍናቸው ታወቁ። ታች አምባ አሸነፈ፤ እንደ ወጉም አሸናፊዎቹ ልጆች ተሸናፊዎቹን በግጥም ለከፏቸው፦

«የላይ አምባ ልጆች ሩር ጠፋባቸው፣
እናታቸው ጓዳ ትፈልግላቸው።»

ላቀው ከጓንጉል ጎን ተቀምጦ ከአንድ ከረጢት ቆሎ እየዘገኑ፣ በገዛ መንደሩ ልጆች ላይ የወጣውን ስድብ ሲሰማ ከሁሉ ይልቅ የሳቀው እሱ ነበር። ሠላሳውም ልጆች የእሱ ልጆች ሆነውለታልና የሚሸነፍበት ወገን አልነበረውም። ሲያልቅ ዱላዎቹን እየሰበሰበ አንድ በአንድ አያቸው፤ ደም የነካ አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት ላይ አምባ አሸነፈ። በዚያ ዓመት አንዳንድ ነገር መታየት ጀመረ፤ ላቀው ግን አላየውም፣ ወይም አይቶ ስሙን አልሰጠውም። ታኅሣሥ ሲገባ አባቶች ልጆቻቸውን ከከብት ጥበቃ አሳረፏቸው፤ የሱፍ ፍትፍት ለእነሱ ተለይቶ ይቀርብ ጀመር። ከሞፈሩ ሥር ሲያልፉ «ጉልበትህን አጠፍ አድርገው» ብሎ ልጁን የሚቆነጥጥ አባት ታየ። አንዱማ ከጥድ ኋላ ቆሞ የልጁን የላይኛ ከንፈር በምላጭ ሲላጭ ላቀው ደረሰበትና፣ «ለልጁ እንዲህ የሚጨነቅ አባት ይባረክ» ብሎ አለፈ። የዋህ ሰው እንዲህ ነው፤ ክፉ ነገር ሲያይ መልካም ስም ያወጣለታል።

የላቀው ታላቅ ወንድም፣ የባዩ አባት ተድላም፣ በዕድሜው ሙሉ ስለ እንጨት ጠይቆት የማያውቅ ሰው፣ በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ መጥቶ «የኛዎቹን ዱላ ጥቂት ከበድ ብታደርገው ምን ይመስልሃል?» አለው። ላቀው ተቆጣ። «የልጅ ጨዋታ እኮ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለው። ተድላ ሰው የታመመ ሰው እንደሚያይ አድርጎ አየውና ሄደ። ላቀው ነገሩን ለጓንጉል ሲያጫውተው ጓንጉል እንደ ልማዱ ሳቀ።

ሦስተኛው ዓመት ደረሰ። የልደት ዕለት የሁለቱም አምባ ወንድ የሚባል አንድም ሰው እቤቱ አልቀረም፤ የአጥቢያው ዳኛ እንኳ በበቅሎ መጥቶ ከፍ ካለው ቦታ ተቀመጠ። ላቀው «አየህ፣ ልጆቹ ሰበሰቡን» አለው ለጓንጉል። ጓንጉል ቆሎ ዘግኖ ሰጠው።

ልጆቹ ከቀትር እስከ ጸሐይ መዘቅዘቂያ ተፋለሙ፤ ማንም አላገባም። በመጨረሻ ምትኩ ሩሯን ከግርግሩ ነጥሎ አወጣና ወደ ላይ አምባ ግብ ብቻውን ይገፋት ጀመር። ከፊቱ የነበረው ባዩ ብቻ ነው። ባዩ ዱላውን አንሥቷል፣ ግን ሩሯ ለምትኩ እግር በጣም ቀርባ ነበርና መምታቱን ፈራ። ያን ጊዜ ተድላ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣና በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦

«ባዩ ምታው! ጨፌዋ ሄደች!»

ባዩ የአባቱን ድምፅ ሰምቶ መታ። ዱላው ሩሯን ስቶ የምትኩን ግንባር አገኘ።

ምትኩ ወደቀ፤ ቀስ ብሎም ተቀመጠ። ደሙ በጣቶቹ መካከል እየወረደ አላለቀሰም። ከጩኸቱ መካከል የገረመውን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ነበርና «የምን ጨፌ?» አለ። ባዩም ዱላውን እንደ ያዘ ዞሮ «የምን ጨፌ ነው፣ አባ?» አለ። መልስ የሚሰጣቸው ሲያጡ ልጆቹ ሁሉ ወደ ላቀው ዞሩ፤ ስለዚህ ጨዋታ የሚያውቁትን ሁሉ ከእሱ አፍ ነበርና የሰሙት።

ላቀው ከጎኑ ወዳለው ሰው ዞረ። «ጓንጉል፣ የምን ጨፌ ነው?»

ጓንጉል መሬት መሬት እያየ «በኋላ እነግርሃለሁ» አለው። ከዚያ ወዲያ ሌላ መልስ አላስፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነበር ይባላል። የሁለቱ አምባ ሽማግሌዎች ሙግቱ ቢታክታቸው፣ ከዳኛው ፊት ቀርበው፣ ከሦስት ዓመት ሁለቱን ልጆቹ ያሸነፉለት አምባ ጨፌዋን ለዘላለም ይውሰድ ብለው ተዋውለዋል። አዋቂ እንዳይገጥም የተባለው ደም ፈርተው ነው። ለልጆቹ እንዳይነገር የተባለው ልጅ ካወቀ እጁ ይከብደዋል ተብሎ ነው። ለላቀው እንዳይነገር የተባለው ደግሞ ካወቀ አይጠርብም ተብሎ ነው። ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ይባላል፤ እዚህ ግን አገር ሁሉ አውቆ ያላወቁት ሠላሳ ልጆች፣ አንዲት መበለትና አንድ ጠራቢ ብቻ ነበሩ።

ዳኛው «ሩሯ ገና አልገባችም፤ ጨዋታው ይቀጥል» አለ። ያን ጊዜ ባዩ ዱላውን ከምትኩ አጠገብ መሬት ላይ ጣለው። የጓንጉል ልጅ ውቤ የራሱን በላዩ ጣለ። አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ እያለ ሠላሳው ዱላ መሃል ሜዳ ላይ ተከመረ። ሁሉም ከአንድ እጅ የወጣ ነበርና የማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«ዱላህን አንሣና ሚናህን ለይ!» አለ ዳኛው ባዩን።

«ሚና የለኝም» አለ ባዩ።

ሁለተኛው ተጠየቀ፤ «እኔም ሚና የለኝም» አለ። አባቶች በልምምጥም በቁጣም ቢሞክሩ ከልጆቹ ሌላ ቃል አላገኙም። ጨፌዋም ለማንም ሳትፈረድ ቀረች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ሚና የለሽ ሆነ።

ላቀው ግን ስለ ስሙ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም። ትደነቅያለሽ የነጠላዋን ጥለት ቀድዳ የልጇን ግንባር ካሰረች በኋላ ሜዳውን አቋርጣ ከፊቱ ቆመች።

«አያ ላቀው፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ካላወቅህ ስለ ምን ማልህልኝ?» አለችው።

ላቀው ቀኝ እጁን ከጋቢው ውስጥ አስገባት፤ ከዚያ ወዲህ ያች እጅ መጥረቢያ አልጨበጠችም። ደረቀች የሚሉ አሉ፤ መሐላ ባወቀውም ባላወቀውም ላይ እኩል ይወድቃል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ እጁስ ደህና ነበረች፣ ቃሉን ሐሰተኛ ላለማድረግ ራሱ አደረቃት ይላሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ መፍረድ ይቸግራል።

ያን ዓመት ላቀው ከቤቱ አልወጣም። የወንድሙ ነገር ብዙ አልከነከነውም፤ ተድላ ቢያንስ ስለ ዱላው በጠየቀው ቀን ሞኝነቱን በዓይኑ ነግሮት ነበር። ያቃጠለው ጓንጉል ነው። ሦስት ዓመት አብረው የሳቁትን ሳቅ እያንዳንዷን እያነሣ፣ ይህችኛዋ የእውነት ነበረች ወይስ እያወቀ የሳቀብኝ ናት እያለ ይመረምራት ነበር። ሚስቱ እህል ስታቀርብለት «ማን ላከው?» የሚልበት ቀን ነበር ይላሉ።

በዓመቱ ሽማግሌዎች ጓንጉልን ድንጋይ አሸክመው ከደጀ ሰላም አመጡት። የካሳው ነገር ተነሣ፤ አንድ በሬ ይጠይቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ላቀው ግን «ካሳ አልፈልግም፤ አንድ ነገር ይንገረኝ። ያወቀው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው እንዲለው ተመኝቶ ነበር። ሁለተኛውም ቢሆን ይበቃው ነበር፤ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ሳቅ ይተርፍለታል።

ጓንጉል ድንጋዩን እንደ ተሸከመ «ሽምብራ ይዤ ከመጣሁበት ጠዋት ጀምሮ» አለ። «ሌላ ሰው ቢጠይቀው አይጠርብም፣ አንተ ሂድ ብለው ላኩኝ።»

ታሪኩን የሚናገሩ ብዙዎች ይህችን መልስ ይዘሏታል። ደግሞስ ማን በደስታ ይናገራታል? እግዚአብሔር የማረኝ ቀን ብሎ ላቀው የያዘው ጠዋት፣ የዕርቁ ሐሳብ፣ የሠላሳው ልጅ ደስታ፣ ሁሉም ሥሩ ውሉ ነበር። ላቀው ድንጋዩን በግራ እጁ ከጓንጉል ጫንቃ አወረደለትና «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ እግዜር ይፍታዎ» አለው።

ሽማግሌዎቹ ዕርቁ ወረደ ብለው መረቁ። ጓንጉል ግን እዚያው ተንበርክኮ አለቀሰ ይባላል፤ ሚዜው አንቱ ብሎታልና። ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ ላቀው በመንገድ ሲያገኘው ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን ዋሉ» ይለው ነበር። አንተ ብሎት አያውቅም።

ኅዳር ሲደርስ ምትኩና ባዩ ሌሎቹን ልጆች አስከትለው ከላቀው ደጅ መጡ። በገዛ እጃቸው የጠረቧቸውን ወልጋዳ ዱላዎች ይዘው ነበር። መጫወት እንፈልጋለን አሉት። ላቀው እምቢ ሊል አፉን ከፈተና የምትኩን ግንባር ጠባሳ አይቶ ተወው። የዛሬው ሥርዓት የወጣው ያን ቀን ነው፤ የዱላው ክምር፣ የእናቲቱ ውርወራ፣ የአባቶቹ በዱላቸው ላይ መቀመጥና አፋቸውን መሸፈን። ከሁሉ በፊት ደግሞ እያንዳንዱ አባት በልጁ ፊት ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ «ከሩሯ ሌላ ነገር ካለበት ይህች እጄ ትድረቅ» ብሎ እንዲምል ተወሰነ።

ታኅሣሥ ገብቶ ሁሉም ሜዳው ላይ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የተንበረከከው ጓንጉል ነበር። ከልጁ ከውቤ ፊት ተንበርክኮ ማለ። ውቤ የአባቱን መሐላ እስከ መጨረሻው በጨዋነት ሰማ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ላቀው አዞረና «አያ ላቀው፣ እውነት ነው?» አለ።

በአንድ ወቅት ላቀው ለሰው ሁሉ ይምል ነበር። አሁን «እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አለው፤ «ላይ አምባዎችን ጠይቃቸው።»

ልጁ አባቱን እንደ ተንበረከከ ትቶት ሜዳውን አቋረጠ።

እስከ ዛሬም ድረስ እንዲህ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አባቶች ተንበርክከው ይምላሉ፤ ልጆቹም ሰምተው ሲያበቁ ሜዳውን ተሻግረው፣ ከሌላው አጥቢያ ተርታ ከተቀመጠ ከማያውቁት ሰው ፊት ቆመው «እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የተጠየቀው ሰው ጋቢውን ከአፉ ገለጥ አድርጎ፣ በዚያ ቀን የተፈቀደችለትን አንዲት ቃል መልሶ እንደገና ይሸፈናል። የገዛ አባቱን መሐላ ብቻ ሰምቶ፣ ሜዳውን ሳይሻገር ዱላውን ያነሣ ልጅ ግን በሚና የለሽ እስካሁን አልታየም።